ጥቅምት 29 የሌለው ስልክ እና የማርቆሷ ስልክ ሠሪ

ቤቱ ስም የለውም። ከደጃፉ የተሰቀለው ሰሌዳ «ሞባይል ጥገና፣ ፍላሽ፣ ግላስ፣ ኮቨር» ይላል፤ በቃ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰሌዳ ስንት እንዳለ የከተማው ሰው ያውቀዋል። እኔ የሄድኩበትን ለመለየት ምልክቱ ይኸ ነው፦ ከመናኸሪያ በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ፣ ከአንዲት ሻይ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ አልጋ የማያዘረጋ ጠባብ ክፍል። ከባንኮኒው ጀርባ ግንባሯ ላይ የባትሪ መብራት ያሰረች ሴት ልጅ ካያችሁ ደርሳችኋል።

ስለዚህች ልጅ መጻፍ የፈለግሁት ስልኬን ስለሠራች አይደለም። ስልኬ አልተበላሸም ነበር። ያንን የነገረችኝ እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

እኔ የሉማሜ ሰው ነኝ፤ እህል ነጋዴ። ትልቅ ነጋዴ እንዳይመስላችሁ። ከገበሬ እገዛለሁ፣ መጋዘን አቆያለሁ፣ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላለ ደንበኛዬ እልካለሁ። ደብተር ነበረኝ፤ አይጥ በላው። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ የስልኬ የጽሑፍ መልእክት ሆነ። ማን ስንት ኩንታል እንደሰጠኝ፣ ማን ስንት እንደቀረው፣ ባንክ ስንት እንደገባ፣ ሁሉም እዚያው ነው። በ2015 መጨረሻ ላይ ዳታ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ደግሞ ቴሌግራም የለመዱት ሁሉ ወደኛ ወደ አሮጌዎቹ መጡ። ያኔ በአጭር መልእክት ነበር የምንገበያየው። ለኔ መልእክት ማለት እንግዲህ «እንዴት አደርክ» ብቻ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው፤ ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። የ15 ኩንታል ሠርገኛ ጤፍ ሒሳብ፣ 180,000 ብር፣ ደንበኛዬ «አስገብቻለሁ» ብሎ ደወለ። አይሱዙው በር ላይ ቆሟል፤ ጫኞቹ ጆንያ ሊያነሱ ወገባቸውን አስረዋል። ስልኬን ከፈትኩ። የባንኩ መልእክት የለም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። የለም። ደወልኩለት።

«አልገባም» አልኩት።

«ገብቷል» አለኝ።

«መልእክት አልመጣልኝም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ? መልእክቱን የምልከው እኔ ነኝ?»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ሁለታችንም የተናገርነው ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሰው አፍ የማይወጣ ነው። አይሱዙው የሌላ ሰው በቆሎ ጭኖ ሄደ። ጤፉ መጋዘን ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ባንክ ሄድኩ። ብሩ አለ። የገባው ቅዳሜ፣ እኔ ደንበኛዬን ሌባ ከማለቴ አርባ ደቂቃ ቀድሞ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየኝና «መልእክቱም ወጥቷል ጋሼ፤ ስልክዎን ያሳዩት» አለኝ። ለደንበኛዬ ደውዬ «ኔትወርክ ነው» አልኩት። «ጤፌን ላክ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስደውል አያነሳም። የጭነት መኪናም እንደዚያው ሰሞን ጠፋ።

በርግጥ ኔትወርክ ነው ብዬ አምኜ ነበር። የኛ ዘመን ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኔትወርክ ነው፤ አይፈረድብንም። በ1997 ከምርጫው በኋላ አጭር መልእክት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ እስከ ሚሌኒየሙ መባቻ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቷል። ይህን ያየ ሰው መልእክት ሲቀርበት ስልኩን ከመመርመር በፊት ወደ ሰማይ ነው የሚያየው።

ግን የጎረቤቴ ስልክ መልእክት ይቀበላል። የሚስቴም ይቀበላል። ስለዚህ ሰፈሬ ያለ አንድ ጥገና ቤት ገባሁ። ልጁ ስልኩን ሳይከፍተው ገልብጦ ጀርባውን አየና «ሲሙ አርጅቷል» አለኝ። ረቡዕ ሲም አስቀየርኩ። ያው ነው። ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ደግሞ «ሶፍትዌሩ ነው፤ ፍላሽ መደረግ አለበት፤ 500 ብር» አለ። ፍላሽ ሲደረግ ምን ይጠፋል ብዬ ጠየቅሁ። «ሁሉም ይጠፋል፤ አዲስ ነው የሚሆነው» አለኝ፣ እንደ ምሥራች። የአራት ዓመት ደብተሬን! ስልኬን ቀምቼው ወጣሁ።

እዚህ ላይ ምልክቱን ልንገራችሁ፤ የገጠማችሁ ካለ ይጠቅማችኋል። ስልኬ ድምፁ አልጠፋም። መልእክት ሲመጣ ጢን ይላል። መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ ከላይ የሚታየው ጽሑፍ ያልፋል። ነካ አድርጌ ስከፍተው የማየው የጥቅምቱን መልእክት ነው። ያነበብኩትን፤ አሮጌውን። ጢን ይላል፣ እከፍታለሁ፣ አሮጌ። ሚስቴ «ስልክህ ጃርቷል» አለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጥቅምት ወዲህ የማስታወቂያ መልእክት ስለቀነሰልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። «ሽልማት አሸንፈዋል» የሚለኝ አካል በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ትቶኛል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ኅዳር 20 በሚኒባስ ማርቆስ ሄድኩ። የሚኒባሱ ረዳት ነው ቤቱን የጠቆመኝ። «ሴት ናት፤ ግን ጎበዝ ናት» አለኝ። «ግን»ዋን እሱ ይጠየቅባት።

ስደርስ ሁለት ሰው ቀድሞኛል። መቀመጫው አንድ ነው፤ እሱም የፕላስቲክ፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ። እሱ ላይ እማማ ተቀምጠዋል። ባለ በተን ትንሽ ስልክ ይዘዋል፤ የፖስታ ምልክቱ ብልጭ ድርግም እያለ ነው። «ልጄ ከባሕር ዳር ይልክልኛል፤ አይገባም» ይላሉ። ልጅቷ ተቀበለቻቸው፣ ሁለት ሦስቴ ተጫነችና «እማማ፣ ሞልቶ ነው። ማስቀመጫው ጢም ብሏል» አለች። የሞላው በምን ይመስላችኋል? በማስታወቂያ። እንዲህ ያለው ስልክ ቦታው ትንሽ ነው፤ ሲሞላ አዲሱ በር ላይ ይቆማል፤ ያ ብልጭ ድርግም የሚለው ፖስታ «አስገቡኝ» ማለቱ ነው። እያንዳንዱን ከመሰረዟ በፊት «ይኸ ይጥፋ?» እያለች ትጠይቃቸዋለች። እኔ ትዕግሥቷን የለካሁት እዚህ ላይ ነው። ሦስት አጥፍታ አራተኛው ላይ ስትደርስ የልጃቸው መልእክት ተከታትሎ ገባ። በአማርኛ ስለጻፈው ግን ስልኩ ፊደሉን አያውቀውም፤ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ደረደረ። «ልጅዎን በላቲን ይጻፍልኝ በሉት» አለቻቸው። «እኔ ላቲን አላውቅ!» አሉ እማማ። «የሚያነብልዎት ጎረቤት አለ?» «አለ፤ ግን ወሬኛ ነው።» ሳቅን። ገንዘብ አልተቀበለቻቸውም።

ሁለተኛው ተማሪ ነው። ከአንዲት ልጅ መልእክት አይመጣለትም። ከሌላው ሁሉ ይመጣል፤ ከእሷ ብቻ የለም። ስልኩን ተቀብላ በመልእክቱ መተግበሪያ ውስጥ «ስፓምና የታገዱ» የሚለውን ቦታ ከፈተች። አሥራ አንድ መልእክት ተኮልኩሏል። ስልኩን ዝም ብላ መለሰችለት። ልጁ ቆሞ ማንበብ ጀመረ፣ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ሳይከፍል ሊወጣ ሲል «ወንድሜ!» ብላ ጠራችው። 20 ብር።

ተራዬ ደረሰ። ታሪኬን ከሚካኤል ጀምሬ ልነግራት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። «ጋሼ፣ አዲስ ነው ብለው ያነበቡት የመጨረሻ መልእክት መቼ የመጣ ነው?»

«ጥቅምት 19።»

«ጥቅምት 20 ምን አደረጉት?»

«ምንም።»

ስልኩን አበራችው። ገና የይለፍ ቁጥሩን እንኳ አልጠየቀችኝም። መጀመሪያ ያየችው የስልኩን ሰዓት ነው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ከዚያ እኔን።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ኅዳር 20፣ 2018።»

«ስልክዎ ምን ይላል?»

«ያው ነዋ። 20፣ ሦስተኛ ወር፣ 2018።»

«ሦስተኛ ወር ለርስዎ ኅዳር ነው። ለሱ ግን ማርች ነው። የፈረንጅ 2018።»

እንግዲህ ኑዛዜ ነው። ጥቅምት 20 ቀን ቁጭ ብዬ የስልኬን ቀን በእጄ ቀይሬዋለሁ። ምን ላድርግ? ገበሬው መጥቶ «ብሬን መቼ ትሰጠኛለህ?» ሲለኝ ስልኬን አይቼ «ኦክቶበር 30» ልለው ነው? ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ፤ ቀኑን ከኔትወርክ በራሱ እንዲወስድ የሚያደርገውን አጠፋሁ፤ 20፣ ሁለተኛ ወር፣ 2018 ብዬ ሞላሁ። ሰዓቱንም በኛ አደረግሁት፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት እንዲል። በጣም አሪፍ ነበር። ቀኑ ራሱ የሚቀየረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሆነልኝ፤ ሲነጋ አዲስ ቀን። በልጆቼ ፊት እንደ መሐንዲስ ኮራሁ።

ፈተናው ጥቅምት 29 መጣ። ጠዋት ስነሳ ስልኬ ሦስተኛ ወር 1 ይላል። ኅዳር 1! ጥቅምት 30 ቀን መሆኑን ሕፃን ያውቃል። የፈረንጅ ፌብሯሪ ግን በ2018 28 ቀን ብቻ ነው። ስልኩ ሁለተኛውን ወር ጨርሶ ሄዷል። ላስተካክለው ገባሁ፤ 29 የሚል ቁጥር የለም። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፤ 28 ይልና ወደ 1 ይመለሳል። ስልኬ ውስጥ ጥቅምት 29 የሚባል ቀን የለም ማለት ነው። ሁለት ቀን ጠበቅሁና ኅዳር 1 ሲደርስ እንደገና ሞላሁት። ያኔ እንኳ ነገሩ አልገባኝም። ይህን ስነግራት ልጅቷ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ግንባሯ ላይ ያለው መብራት ጣሪያውን ዞረ።

ከዚያ ያሳየችኝን አልረሳውም። የባንኩን መልእክቶች ከፈተች። ከታች፣ መጨረሻው ላይ፣ የጥቅምቱ ይታያል። በአውራ ጣቷ ወደ ላይ መውጣት ጀመረች። በኛ አቆጣጠር 2017 አለፈ፣ 2016 አለፈ፣ አራት ዓመት አለፈ፣ ስልኩን ስገዛ ወደመጣው የመጀመሪያ መልእክት ደረሰች። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ከሱም በላይ ወጣች። እዚያ፣ ከሁሉም አናት ላይ፣ ከስልኬ ዕድሜ በፊት የተላከ መስሎ ተቀምጧል፦ 180,000 ብር ገብቷል።

ስልኩ ለሚመጣው መልእክት ሁሉ በራሱ ሰዓት ቀን ይለጥፍበታል፤ ከዚያ በቀኑ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል። እኔ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደኋላ ስለወሰድኩት የዛሬውን መልእክት የጥንት ነው ብሎ ከአሮጌዎቹ ኋላ ሰገሰገው። ደወሉ ግን ይደውላል፤ መልእክቱ መጥቷላ። ስከፍተው የሚያሳየኝ የዝርዝሩን መጨረሻ ነው፤ መጨረሻው ደግሞ የጥቅምቱ። የመጋዘን ሰው ስለሆንኩ ወዲያው ገባኝ። አዲስ ጆንያ ሲመጣ ከፊት መቀመጥ ሲገባው አንድ ሞኝ ሠራተኛ ከጀርባ ወሽቆት፣ እኔ ደጃፍ ቆሜ «እህል አልመጣም» እያልኩ ነው።

ሠላሳ ሰባት መልእክት አገኘን። አንዱ ከዘመዴ ነው፦ «የሚካኤል ማኅበር ዘንድሮ በኔ ተራ ነው፤ እንዳትቀር።» ቀርቻለሁ። ለካ ሰሞኑን መንገድ ላይ ሳገኘው ፊቱን ያዞረብኝ ለዚህ ነው። ሽልማት አሸንፈዋል የሚለኝም ተስፋ አልቆረጠም፤ ዘጠኝ ጊዜ አሸንፌያለሁ።

ማስተካከሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ቀንና ሰዓቱን በራሱ እንዲወስድ መልሳ ከፈተችው፤ ስልኩ ዘሎ ኖቬምበር 29፣ 2025 ላይ አረፈ። የዚያን ጊዜ ሌላ ነገር ተከፈተ። ሪያድ ያለችው እኅቴ በዋትሳፕ ነው የምታገኘኝ፤ እሱም ከጥቅምት ወዲህ «የስልክዎ ቀን ትክክል አይደለም» እያለ አልከፍትም ብሎኝ ነበር። እኔ የማላነበው እንግሊዝኛ መስሎኝ እየዘጋሁት። ኢንተርኔት ላይ አንድ ገጽ ስትከፍቱ ስልካችሁ የገጹን መታወቂያ ያያል፤ መታወቂያው ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ቀን አለው። ስልኬ 2018 ላይ ነኝ ስላለ የዛሬው መታወቂያ ሁሉ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ሆኖበታል። የእኅቴ የድምፅ መልእክቶች በአንድ ጊዜ ጎረፉ። የመጀመሪያው «ሰላም ወንድሜ» ይላል፤ የመጨረሻው «ሞተህ ነው?» ይላል።

ቀኑንስ በኛ ማየት እፈልጋለሁ አልኳት። ለዚህም መላ አላት። የኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ጫነችልኝ፤ ስልኩ ሲበራ ፊት ለፊት ኅዳር 20 ብሎ በትልቁ ይጽፋል፤ ሰዓቱንም በኛ። «የራሱን ሰዓት ለራሱ ይተዉለት» አለችኝ። «የርስዎን እዚህ ያንብቡ።» ጳጉሜንም ያውቃል፤ አይቻለሁ።

ከዚያ ሳልጠይቃት ሌላ ነገር ነገረችኝ። ለገበሬዎቼ የምልካቸውን መልእክቶች አይታ «ለአንድ መልእክት የሦስት ሒሳብ እየከፈሉ ነው» አለች። አጭር መልእክት ከረጢቱ ከመነሻው የተለካ ነው፦ 140 ባይት፤ ባይት የስልክና የኮምፒውተር መስፈሪያ ነው። በላቲን ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል። በኛ ፊደል ሲጻፍ ግን አንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ። ካለፈ ይቆረጣል፤ ሲቆረጥ ደግሞ መስፊያው ራሱ ቦታ ስለሚወስድ በያንዳንዱ ቁራጭ የሚቀረው 67 ነው። የኔ 200 ፊደል ያለው ደብዳቤ እንግዲህ ሦስት መልእክት ነው። 200 የላቲን ፊደል ቢሆን ሁለት ይበቃዋል። አንዱ ቁራጭ መንገድ ላይ ከቀረ ደግሞ ተቀባዩ ሁሉንም ላያይ፣ ወይም ጎዶሎውን ሊያይ ይችላል። ዋጋውን ጽፌ ቀኑ የጠፋበት ገበሬ ነበረኝ፤ አሁን ገባኝ። በላቲን ጽፎ መሀል ላይ አንድ «ቶሎ» በአማርኛ ማስገባትም አያዋጣም፤ በዚያች በአንዷ ቃል ምክንያት መልእክቱ በሙሉ በ70 ሒሳብ ይቆጠራል።

ግን ፊደላችንን አልወቅሰውም። «ሰላም» ብዬ ስጽፍ ሦስት ነው፤ በላቲን አምስት ይሆናል። በላቲን የተጻፈ አማርኛ ደግሞ «ጠፋ» ይሁን «ተፋ» ስለማይለይ ገበሬዬ ጋ ሲደርስ ሌላ ጠብ ነው። እኔ በፊደሌ እጽፋለሁ፤ ማሳጠሩን እለምዳለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ፤ አሉኝና።

አንደኛ፣ የይለፍ ቁጥር አያያዟ። ለማሳደር የሚተዉ ስልኮችን ጀርባ ላይ ፕላስተር ትለጥፍና የባለቤቱን ስምና መክፈቻውን ትጽፍበታለች። ስልኮቹ ባንኮኒው መስታወት ሥር ተደርድረዋል። ቆሜ ስጠብቅ የአራት ሰው መክፈቻ አንብቤያለሁ። ስልክ ውስጥ ባንክ ባለበት ዘመን ይኸ አይሆንም። ነገርኳት። «ማን ያየዋል ጋሼ?» አለች። «እኔ አየሁት» አልኩና አንዱን በቃሌ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ ተነስታ ስልኮቹን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው፤ ማለትም ጀርባቸው ወደታች። መፍትሔ አይደለም፤ መጀመሪያ ግን ነው። እናንተ የምታሳድሩ ከሆነ መክፈቻውን ቀይራችሁ ስጡ፤ ስትወስዱ መልሱት።

ሁለተኛ፣ ደረሰኝ የለም። ሦስተኛ፣ ምሳ ሰዓት ላይ «መጣሁ» ብላ ትወጣለች፤ «መጣሁ»ዋ ሃምሳ ደቂቃ ነው። እኔ አጠገቧ ባለችው ሻይ ቤት ሻይ በዳቦ ይዤ ጠበቅሁ። ሻይዋ ቅርንፉድ በዝቶባታል፤ ዳቦው ጥሩ ነው። አራተኛ፣ ግላስ መሸጥ ትወዳለች። የኔ ግላስ ጥግ ላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ አስቀየረችኝ፤ 150 ብር። አዲሱ ከላይ በስተቀኝ ምስር የምታህል አየር ይዟል። «በራሱ ይወጣል» አለችኝ። አልወጣም።

ለዋናው ሥራ ስንት ጠየቀችኝ? ምንም። «ምን ሠራሁ?» አለች። ይኸኔ እኔ ነኝ የተቆጣሁት። ያልተበላሸ ስልክ 500 ብር ሊሠራልኝ የነበረ ሰው ባለበት አገር፣ ያልተበላሸ መሆኑን የነገረኝ ሰው በነፃ? 100 ብር ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። 50 መለሰችልኝ። በ50ው መልእክቶቼን ባክአፕ አደረገችልኝ፤ የጉግል መለያዬ ላይ፤ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ ደብተሩ እንዳይጠፋ። አይጥ አይበላውም።

ኮከብ ስጥ ከተባልኩ ከአምስት አራት። አንዷን የያዝኩባት ለፕላስተሩ ነው። ሻይ ቤቷን አይጨምርም።

ደንበኛዬ አሁንም ስልክ አያነሳም። መናኸሪያ ሚኒባስ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ልጽፍለት ጀመርኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ከሚካኤል ጀምሮ፣ የፈረንጅ ፌብሯሪን ጨምሮ፣ አምስት ቁራጭ ሆነ። አጠፋሁት። ቆረጥኩ። እንደገና ቆረጥኩ። ክፍተቱንና ነጥቡን ሁሉ በጣቴ እየቆጠርኩ 69 ላይ አደረስኩት፦

«ወንድሜ፣ ብሩ ያኔውኑ ቅዳሜ ገብቷል። ጥፋቱ የስልኬ ሳይሆን የኔ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ። ጤፉ ሰኞ ይጫናል።»

ላክሁ። ሚኒባሱ ሞልቶ ከማርቆስ ስንወጣ ጢን አለ። መነጽሬን አወጣሁና ከፈትኩ። ከታች ነው የተቀመጠው፣ በቦታው።

«እሺ። ማክሰኞ ጠዋት እጠብቃለሁ።»